ኦዞኑ ይሸታል፣ ውሃው ውስጥ ግን የለም፦ ከድሬዳዋ የአንድ ታንከር ጉዳይ

ፋብሪካው ድሬዳዋ ዳር ላይ ያለ አነስተኛ የታሸገ ውሃ ማምረቻ ነው። ስሙን አልጠቅስም። ችግሩን ሲነግሩኝ በአጭሩ እንዲህ ነበር። ከመሙያ ማሽኑ በሚወሰደው ናሙና ውስጥ ያለው የኦዞን፣ ማለትም ጀርም ለመግደል ውሃው ውስጥ የሚገባው ጋዝ፣ መጠን ከወር ወር እየወረደ መጥቷል። የሚፈልጉት በሊትር ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊግራም ነው። 0.1 እንኳ የማይሞላበት ቀን ግን በዝቷል። በሌላ በኩል ኦዞኑ ከውሃው ጋር የሚገናኝበት ታንከር ያለበት ክፍል በኦዞን ሽታ ታፍኗል። ሠራተኞቹ ጉሮሯቸውን ይከረክራቸዋል፣ ዓይናቸውን ያቃጥላቸዋል።

እነዚህ ሁለት ምልክቶች አንድ ላይ ሲመጡ ጉዳዩ ግማሽ መንገድ ሄዷል። የኦዞን ማሽኑ ኦዞን ባያመርት ኖሮ ክፍሉ ባልሸተተ። ስለዚህ ኦዞኑ አለ። ወደ ውሃው ግን አልገባም። በአረፋው ውስጥ እንዳለ ወደ ላይ ወጥቶ አምልጧል። መጠየቅ ያለበት ታዲያ አረፋው በውሃው ውስጥ እንዴት እየሄደ እንደሆነ ነው።

ታንከሩ ሲያዩት ቀላል ዕቃ ነው። ረዘም ያለ የስቴንለስ ሲሊንደር ነው፤ የውስጥ ስፋቱ 50 ሴንቲሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 3 ሜትር። ውሃው ከላይ ገብቶ ከታች ይወጣል። ኦዞን የያዘው አየር ደግሞ ከታች፣ በሦስት የሴራሚክ ዲስኮች ቀዳዳ በኩል ገብቶ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። የኬሚካል ምህንድስና ሰዎች እንዲህ ያለውን ዕቃ የአረፋ ዓምድ ይሉታል። ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለም። ማማሰያው አረፋው ራሱ ነው። ርካሽ የሆነውም፣ ሲበላሽ ግራ የሚያጋባውም ለዚህ ነው፤ አረፋው ከተበላሸ የሚያስተካክለው ሌላ ነገር የለም።

በሰዓት 6 ሜትር ኩብ ውሃ ያልፍበታል። የሚይዘው 590 ሊትር ገደማ ስለሆነ ውሃው በአማካይ 6 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ጋዙ በደቂቃ 5 ሊትር እንዲሆን ነው ከመጀመሪያው የተሠራው።

እኔ ስደርስ ግን ፍሎሜትሩ፣ የጋዙ ፍሰት መለኪያ፣ 15 ሊትር ላይ ነበር። የማሽኑ ኃላፊ በዕድሜ ጠና ያለ፣ ዕቃውን ከተከለበት ቀን ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ለምን እንዲህ እንደተከፈተ ጠየቅሁት። ድሬ ላይ ትልቅም ትንሽም አንተ ነው የሚባባለውና፣ «አንተ፣ ኦዞኑ ሲያንስ ምን ላድርግ? ከፈትኩት፤ ደግሞ አነሰ፤ ደግሞ ከፈትኩት» አለኝ። ቀጥሎም ምክንያቱን ነገረኝ። «ሙቀቱ ነው እኮ! በዚህ ሙቀት ምን ይሟሟል?»

ሙቀቱ እውነት አለው። ውሃ በሞቀ ቁጥር ጋዝ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። የሟሟውም ኦዞን ቶሎ ይፈርሳል። ከጣሪያ ላይ ካለው የውሃ ታንከር የሚመጣው ውሃ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህ ለኦዞን ጥሩ አይደለም። ከፍታውም ትንሽ ይጨምርበታል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ13 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ የሚሟሟውም ጋዝ በዚያው ልክ ያንሳል። ሆኖም ሙቀቱም ከፍታውም አምናም ነበሩ። ታንከሩ አምና በዚሁ ሙቀት፣ በዚሁ ከተማ በደንብ ይሠራ ነበር። ሁልጊዜ ያለ ነገር አዲስ ለመጣ ለውጥ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ሙቀቱን ወደ ጎን ተውነው።

የጋዙን ቫልቭ እየጨመሩ የመክፈቱ ጉዳይ ግን ሊብራራ ይገባል፤ ብዙ ቦታ የሚደረግ ነገር ነውና። የኦዞን ማሽን በኤሌክትሪክ ብልጭታ የአየሩን ኦክስጅን ወደ ኦዞን ይቀይራል። ኤሌክትሪኩ ሳይጨምር በውስጡ የሚያልፈው አየር ሦስት እጥፍ ቢሆን የሚመረተው ኦዞን ሦስት እጥፍ አይሆንም። ያው ኦዞን በብዙ አየር ውስጥ ይበተናል፤ ጋዙ ይቀጥናል። ወደ ውሃው የሚገፋው ኃይል ደግሞ በጋዙ ውስጥ ያለው የኦዞን ክምችት ነው። ጋዙ ሲቀጥን ግፊቱ ይደክማል። ስለዚህ ቫልቩ በተከፈተ ቁጥር ኦዞኑ ውሃው ውስጥ ለመግባት ያለው ፍላጎት ይቀንሳል፣ የሚያመልጠው ጋዝ ግን ይበዛል። ከታንከሩ አናት ላይ የተረፈውን ኦዞን የሚያጠፋ በማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ የተሞላ ማጣሪያ አለ። እሱም የተሠራው ለ5 ሊትር እንጂ ለ15 አይደለም። ያ ሁሉ ጋዝ ይዞት የሚመጣው እርጥበት ደግሞ ያደክመዋል። የክፍሉ ሽታ ከዚህ የመጣ ነው።

ለጤናም ቢሆን ቀልድ አይደለም። በሥራ ቦታ አየር ውስጥ ለስምንት ሰዓት ሥራ የተለመደው የኦዞን ወሰን ከአሥር ሚሊዮን የአየር ክፍል አንዱ ብቻ ነው። አፍንጫ ከዚያ በታችም ያሸተዋል፤ ጥሩነቱ ይህ ነው። መጥፎነቱ ደግሞ አፍንጫ ይለምደዋል። ኦዞን ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ አካባቢ ሊጠራቀም ይችላል። በሩንና መስኮቱን አስከፍተን፣ ጋዙን ወደ 5 ሊትር መልሰን፣ ሽታው እስኪቀል ጠበቅን። ከዚያ ወደ ዋናው ሥራ ገባን።

ታንከሩ ጎኑ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ትንንሽ የመስታወት መስኮቶች አሉት። በአንዱ የእጅ ባትሪ አበራን፣ በሌላው አየን። ጤናማ ታንከር ቢሆን ውሃው በሙሉ ስስ ወተት የተቀላቀለበት ይመስል ነበር፤ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር የሆኑ አረፋዎች ከዳር እስከ ዳር ተበትነው በእርጋታ ይወጣሉ። ያየነው ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ውሃ ጥርት ብሎ ይታያል። በአንድ በኩል ብቻ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ አንድ ወፍራም የአረፋ ሰልፍ ይጣደፋል። አረፋዎቹ ሁለት ሴንቲሜትር ይደርሳሉ፤ ከላይ ጎበጥ፣ ከታች ጠፍጣፋ ናቸው፤ እየተንቀጠቀጡ ይወጣሉ። ባትሪውን ወደ ማዶው ግድግዳ ሳዞረው ደግሞ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። ከሰልፉ የተገነጠሉ ጥቃቅን አረፋዎች ወደ ታች እየሄዱ ነበር። አረፋ ሆኖ ወደ ታች! ውሃው በዚያ በኩል ከእነሱ መውጫ ፍጥነት በላይ እየወረደ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ጋዝ ስፋታቸው 2.5 ሚሊሜትር ወደ ሆኑ አረፋዎች ቢከፋፈል ከውሃው ጋር የሚነካካው ገጽ 2.4 ካሬ ሜትር ይሆናል። ያው ሊትር 2 ሴንቲሜትር ወደሚሰፉ አረፋዎች ቢከፋፈል ገጹ 0.3 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ስምንት እጥፍ ያንሳል። ኦዞን ወደ ውሃ የሚሻገረው በዚህ ገጽ ብቻ ነው፤ ሌላ በር የለውም። በዚያ ላይ ጊዜው አለ። ትንሹ አረፋ በሰከንድ 23 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣል፤ ሦስቱን ሜትር ለመጨረስ 13 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ትልቁ ለብቻው ቢሆን በሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ያልፋል። በሰልፍ ሲሆን ደግሞ ውሃውንም አብሮ ወደ ላይ ስለሚጎትት ከዚያ በጣም ይፈጥናል። ገጹ ስምንት እጥፍ ያነሰ፣ ቆይታውም ከግማሽ የማይበልጥ አረፋ ምን ያህል ኦዞን ሊያስረክብ ይችላል? አብዛኛውን ይዞት ይወጣል እንጂ።

አንድ ነገር መጀመሪያ ላይ አስገርሞኛል። በደቂቃ 5 ሊትር የሆነውን ጋዝ በታንከሩ የወለል ስፋት ብናካፍለው ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በአየርና በውሃ ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አረፋው እኩል ተሰራጭቶ የሚወጣበት የረጋ ሁኔታ ብዙውን ጊዜ የሚፈርሰው ይህ ፍጥነት በሰከንድ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ሲደርስ ነው። እኛ ከዚያ በመቶ እጥፍ ገደማ በታች ነን። ወደ 15 ሊትር ሲከፈት እንኳ ከሃያ እስከ አርባ እጥፍ ገደማ በታች ነን። በዚህ ስሌት ታንከሩ የረጋ መሆን ነበረበት። ታዲያ ለምን ተናወጠ?

መልሱ ስሌቱ የሚነሳበት ሐሳብ ላይ ነው። ጋዙ ከታች በወለሉ ሁሉ እኩል እንደሚገባ አድርጎ ይነሳል። በአንድ ጥግ ብቻ ሲገባ ግን አማካይ ፍጥነት ትርጉም ያጣል። በዚያ ጥግ ያለው ውሃ አረፋ ስለበዛበት ይቀላል፤ ወደ ላይ ይነሳል። የተነሳው ውሃ ቦታ እንዲሞላ በማዶው በኩል ያለው ውሃ ይወርዳል። ታንከሩ ውስጥ አንድ ትልቅ ክብ ዑደት ይፈጠራል። ከላይ የሚገባው አዲስ ውሃ የሚወርደውን ጅረት ካገኘ፣ ከአረፋ ጋር ሳይገናኝ ቀጥ ብሎ ታች ካለው መውጫ ይደርሳል። ስድስት ደቂቃ ይቆያል የተባለው ውሃ የተወሰነው ክፍል በጣም ቶሎ ሾልኮ ይሄዳል።

ይህን በዓይን ግምት ብቻ መተው አልፈለግኩም። ምርት በቆመበት ሰዓት፣ መውጫውን ወደ ፍሳሽ አዙረን፣ በመግቢያው በኩል የጨው ውሃ ጨመርን። ጨው የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅምን ስለሚጨምር መውጫው ላይ በመለኪያ መከታተል ይቻላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጨው የበዛበት ውሃ ከባድ ስለሆነ ብቻውን ወደ ታች ይሰምጣል፤ ያኔ የምትለኩት የታንከሩን ፍሰት ሳይሆን የጨዉን ክብደት ነው። ስለዚህ በጣም አቅጥነነዋል። ውጤቱ ግልጽ ነበር። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የመለኪያው ቁጥር ወደ ላይ ተነሳ፤ ከፍተኛው ላይም የደረሰው ከስድስት ደቂቃ ብዙ ቀድሞ ነው።

የቀረው አረፋው ለምን በአንድ ጥግ እንደሚወጣ ማወቅ ነው። ታንከሩን ከመክፈታችን በፊት ምልክቱ ጋዝ መስመሩ ላይ ባለው የግፊት ጌጅ ተገኘ። የሦስት ሜትር ውሃ ክብደት 0.3 ባር ገደማ ነው። ጋዝ ከዚያ ጥልቀት ለመውጣት ቢያንስ ይህን ማሸነፍ አለበት። በሴራሚኩ ደቃቃ ቀዳዳዎች ለማለፍ ደግሞ ተጨማሪ ግፊት ይጠይቃል። ዕቃው ሲተከል የተጻፈው ወረቀት ላይ 0.45 ይላል። ጌጁ ግን 0.3 ላይ ቆሟል። ጋዙ ከውሃው ክብደት ሌላ ምንም የሚያግደው ነገር የለም። በሴራሚኩ በኩል እያለፈ አይደለም ማለት ነው፤ ሌላ ቀዳዳ አግኝቷል።

የድሮ መዝገባቸውን ስናገላብጥ ታሪኩ ሙሉ ሆነ። ግፊቱ መጀመሪያ ለወራት ቀስ በቀስ ሲጨምር ነበር። ከዚያ ባንድ ጊዜ ወረደ። ሲወርድ ሁሉም ተስተካከለ ብለው ደስ ብሏቸዋል። የተበላሸው ግን ያኔ ነው።

ማሽኑን አጥፍተን፣ ታንከሩን አፍስሰን፣ በንጹሕ አየር ደጋግመን አናፍሰን ከፈትነው። ሦስቱም ዲስኮች ነጭ ሆነዋል። በጥፍር ሲፋቅ የሚላቀቅ፣ ከሥሩ ግን ድንጋይ የሆነ ንጣፍ ነው። ድሬ ላይ የሚኖር ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ሻይ ማፍያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ነው። የከተማችን የጉድጓድ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል። ፋብሪካው ከውሃው ከፊሉን ብቻ ማዕድን በሚያስቀር ደቃቃ ወንፊት፣ በሜምብሬን፣ ያጣራል፤ ማዕድን እንዳይጠፋ ቀሪውን ይደባልቃል። ስለዚህ ካልሲየሙ ታንከሩ ድረስ ይመጣል። አረፋ በውሃ ውስጥ ሲያልፍ የሟሟውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወጣል። እሱ ሲወጣ ካልሲየሙ ሟሙቶ መቆየት ያቅተውና ኖራ ሆኖ ይጋገራል። የሚጋገረውም አረፋው በሚወለድበት ቦታ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ ነው።

ከሦስቱ የአንዱ ጋስኬት፣ ዳሩን የሚደፍነው ጎማ፣ ደግሞ ተሰነጣጥቋል። ጣት ሊያስገባ ትንሽ የቀረው ክፍተት ነበረው። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተቀይሮ እንደነበር ኃላፊው ነገረኝ፤ ከገበያ የተገዛ ተራ ጥቁር ጎማ ነው። ኦዞን የተፈጥሮ ጎማንና ናይትራይል የሚባለውን ጎማ ይበላቸዋል፤ በተለይ ተወጥረው ሲቆዩ ስንጥቅ በስንጥቅ ያደርጋቸዋል። ለዚህ ሥራ ቴፍሎን ወይም ቫይቶን ነው የሚያስፈልገው። አሁን ሁለቱ ነገሮች ገጠሙ። ኖራው ቀዳዳዎቹን ሲደፍን ግፊቱ ጨመረ፤ ግፊቱ ሲጨምር የተዳከመው ጋስኬት ተሰነጠቀ፤ ጋዙ በስንጥቁ ወጣ፤ ግፊቱ ወረደ፤ አረፋው ተለወጠ።

ዲስኮቹን በቀጭን ሲትሪክ አሲድ አሳደርናቸው። ኖራው እየተንጫጫ ለቀቀ። ጋስኬቶቹን ሦስቱንም በቴፍሎን ቀየርን። ከመግጠማችን በፊት እያንዳንዱን ዲስክ ባልዲ ውሃ ውስጥ አስገብተን አየር ነፋንበት፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል ካልፈላ አይገጠምም። አንዱ ዲስክ ግማሹ ዝም አለ። እንደገና አሲድ ውስጥ ገባ። ይህ የባልዲ ሙከራ ምንም ወጪ የለውም፤ እንዲህ ያለ አረፋ ማውጫ ዲስክ ያለው ሁሉ ቢያደርገው ደስ ይለኛል።

ተገጥሞ ሲነሳ ጌጁ 0.45 አካባቢ ቆመ። በመስኮቱ ስናይ ውሃው ደመና ለብሷል። ኃላፊው ባትሪውን ከእጄ ተቀብሎ ብዙ ጊዜ ቆየ። «ይኸው! መጀመሪያም እንዲህ ነበር» አለ። የጨው ሙከራውን ስንደግመው ቶሎ ሾልኮ የሚወጣው ክፍል በጣም ቀንሷል። ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። የአረፋ ዓምድ በተፈጥሮው ውሃን ያማስላል፤ መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል የሚባለው ሥርዓት እንዲህ ባለ አጭር ታንከር ውስጥ አይሠራም። ያን የፈለገ ሁለት ታንከር በተከታታይ መትከል አለበት።

ከዚህ በኋላ አንድ አደጋ ነበር፤ በጊዜ ስለታሰበበት አልፏል። አረፋው በተበላሸበት ወቅት የማሽኑ የኤሌክትሪክ ኃይል ጭምር ወደ ላይ ተገፍቶ ነበር። አረፋው ሲስተካከል ያ ሁሉ ኦዞን ወደ ውሃው ይገባል። ኦዞን ሲበዛ ደግሞ በውሃ ውስጥ ያለውን ብሮማይድ ብሮሜት ወደሚባል ለጤና ጎጂ ነገር ይቀይረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ለብሮሜት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ብሮሜት አይሸትም፣ ጣዕምም የለውም፤ በቀላል መመርመሪያ ኪትም አይታይም። ስለዚህ ማሽኑን ከዝቅተኛው ኃይል አስነስተን፣ በየጥቂቱ እየጨመርን፣ መሙያው ላይ 0.3 ሲደርስ አቆምን። ከበፊቱ በጣም ባነሰ ኃይል ነው የደረሰው። የብሮሜት ናሙናም ወደ ላብራቶሪ እንዲላክ ተስማማን።

የመጨረሻው ጉዳይ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ አየሩን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ይቆማል፤ የጋዙ ግፊት ይወርዳል፤ ውሃው ወደ ሴራሚኩ ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባል። መብራት ሲመጣ ደረቅ አየር ያን ውሃ ያደርቀዋል፤ ካልሲየሙ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል። በየመጥፋቱ ትንሽ ትንሽ ይጠራቀማል። ኖራው ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ይሞላ የነበረው ለዚህ ነው። ውሃው ከዚያም አልፎ እስከ ኦዞን ማሽኑ ድረስ ቢመለስ ማሽኑን ራሱን ይገድለው ነበር። የጋዝ ቧንቧውን ከታንከሩ የውሃ ከፍታ በላይ አሳልፈን መለስነው፤ ታንከሩ አጠገብ ደግሞ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚዘጋ ቫልቭ አስገባን፤ ጋዙ ቧንቧው ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፣ ውሃውም ወደ ቀዳዳዎቹ መግቢያ አያገኝም። ጌጁ አሁን በየሺፍቱ ይጻፋል። ከ0.6 ካለፈ ዲስኮቹ ወደ አሲድ ይገባሉ፤ ወደ 0.3 ከወረደ ቫልቭ ከመነካቱ በፊት ባትሪው ይበራል።